ፊቴን ለብሰው ያልመረጡኝ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ተሸንፋችሁ ታውቃላችሁ? በእግር ኳስ ማለቴ አይደለም። በእግር ኳስ ሲሸነፉ ዳኛ አለ፣ ሜዳ አለ፣ ጉልበት አለ፤ ጥፋቱን የሚጭኑበት ነገር አይጠፋም። እኔ የምለው በምርጫ መሸነፍን ነው። በምርጫ ስትሸነፉ የምታመካኙበት የለም። ሰዎቹ በደንብ አዩአችሁ፣ አሰቡበት፣ "ይቅርብን" አሉ። በቃ። እኔ ይህን የቀመስኩት በኮሮና ጊዜ፣ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ቴምቢሳ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ብትስቁ አልቀየምም፤ ሚስቴም ስቃለች።

በጆሃንስበርግና በዙሪያው ሱቅ ከፍተን የምንኖር የሀገር ልጆች ማኅበር አለን። ማኅበሩ ሊቀመንበሩን የሚመርጠው በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ ቴምቢሳ የራሱን አንድ ዕጩ ያወጣል፤ አይቮሪ ፓርክም፣ ዛንድስፕሩትም እንደዚሁ። ከዚያ ዕጩዎቹ ተገናኝተው ዋናው ምርጫ ይካሄዳል። የመጀመሪያውን ዙር ማጣሪያ እንለዋለን። እኔ ከማጣሪያው አላለፍኩም፤ እንዲያውም ከማጣሪያው በፊት አንዴ ወድቄ ነበር። እሱን እነግራችኋለሁ።

የተወዳደርኩት ሥልጣን አምሮኝ እንዳይመስላችሁ። (እሺ፣ ትንሽ አምሮኛል።) ከእኔ ሱቅ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ወርቅነሽ የምትባል እህታችን ስፓዛ አላት። ስፓዛ የምንለው በሰው ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ወይም በብሎኬት የተሠራች፣ ሌባ ተፈርቶ በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ከዳቦ እስከ ሻማ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ናት። ወርቅነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትሠራው ብቻዋን ነው። ዕቃ ሲያልቅባት ሱቋን ዘግታ፣ ታክሲ ተሳፍራ፣ መሐል ከተማ ወርዳ፣ ገዝታና ተሸክማ መመለስ አለባት። መሐል ከተማውን እኛ ታውን ነው የምንለው። በዚያ ሰሞን ከታውን ስትመለስ ሦስት ጎረምሶች ቢላ አውጥተው የያዘችውን ሁሉ ቀሟት። እሷን አልነኳትም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ታውን መውረድ ፈራች። መደርደሪያዋ እየሳሳ ሄደ። ልጠይቃት ስሄድ ያገኘሁት ሦስት ሳሙናና አንድ ካርቶን ክብሪት ነው።

"ሱቁን ልዘጋ ነው፣ ወንድሜ" አለችኝ። "በረራ ሲከፈት አገሬ እገባለሁ።"

አንጀቴን በላችው። ደግሞ የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ሁላችንም ዕቃ ለማምጣት እየተራራቅን፣ እየተደበቅን፣ እየዘጋን ነበር የምንኖረው። እኔ ደግሞ ባኪ አለችኝ፤ ከኋላዋ ክፍት የሆነች፣ አንዱ በሯ በገመድ የሚታሰር አሮጌ የጭነት መኪና። ለምን ሁሉም የሚፈልገውን በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለሁሉም አላመጣም? እሷ ሱቋን ሳትዘጋ ዕቃው ደጇ ይደርሳል። ይህን ለጎረቤቴ ለታምራት አጫወትኩት። ታምራት ቀስ ብሎ ማውራት የማያውቅ ሰው ነው። "ይሄ እኮ የሊቀመንበር ሐሳብ ነው!" ብሎ ሲጮህ ዳቦ ልትገዛ የቆመች ደንበኛዬ ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች።

ስብሰባ በኮሮና ምክንያት ስለተከለከለ ጥቆማው የተካሄደው በስልክ ግሩፕ ነበር። ታምራት ስሜን ጠቆመ። እኔም እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው፣ "እኔ ለዚህ አልበቃም፤ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ ወንድሞች አሉ፤ እባካችሁ ተዉኝ" ብዬ ጻፍኩ። የእኛ ሰው ሲጠቆም ይህን ነው የሚለው፤ ምግብ ሲቀርብለት "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" እንደሚለው። ከዚያ ሰው ይለምነዋል። እሱ ይሽኮረመማል። ሦስተኛው ልመና ላይ አንገቱን ደፍቶ "እንግዲህ ፈቃዳችሁ ከሆነ" ይላል። ስልኬን ባንኮኒው ላይ አድርጌ ልመናውን ጠበቅኩ።

የምርጫ ኮሚቴው ጸሐፊ ጳውሎስ ነበር። ጳውሎስ አገር ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ የተጻፈ ነገር ለእሱ የተጻፈ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ "ተጠቋሚው ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ስማቸው ተሰርዟል፤ ስለ ትሕትናቸው እናመሰግናለን" ብሎ ለጠፈ። ከሥሩ ሃያ ሰው "አሜን" አለ።

ክው አልኩ። ደወልኩለት።

"ጳውሎስ፣ እኔ እኮ ፈቃደኛ ነኝ።"

"አልበቃም ብለሃል። ተጽፏል።"

"እሱ ለወጉ ነዋ! አንተ የኛ አገር ሰው አይደለህም እንዴ?"

"ለወጉ ከሆነ እሱንም በጽሑፍ አድርገው" አለና ስልኩን ዘጋው።

ምን ላድርግ? ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ መቶ ሰው በሚያነበው ግሩፕ ላይ፣ "እኔ ለዚህ እበቃለሁ። ከእኔ የሚሻል ያለም አይመስለኝም" ብዬ ጻፍኩ። ለወትሮው ሰላምታ የማይመልሱ ሰዎች እንኳ የሳቅ ምልክት ላኩ። አስቴር፣ ሚስቴ፣ ስልኳን ይዛ ከጓዳ ወጣችና "ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ ወይስ ስልክህ ተሰርቆ ነው?" አለችኝ።

ተቀናቃኜ ጋሼ ደሳለኝ ነበሩ። ጋሼ ደሳለኝ ከሁላችን ቀድመው የመጡ፣ ጸሎታቸው የሚረዝም፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸውም ሲጠቆሙ እንደ ወጉ እምቢ ብለው ነበር አሉ፤ ግን የላኩት በድምፅ ስለሆነና ድምፁ በሰባት ደቂቃ ጸሎት ስለሚጀምር ጳውሎስ እምቢታው ላይ ሳይደርስ ስማቸውን መዝግቦ ጨረሰ።

ከዚያ የሕይወት ታሪክ ማቅረብ መጣ። የእኔን የጻፈው ታምራት ነው። እውነቱን ብናገር ዱራሜ አካባቢ ለሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ፣ ከዚያ ሞያሌን አልፌ እዚህ እስክደርስ በየድንበሩ በሽንኩርት ጆንያ መሐል ተኝቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ታምራት ይህን፣ "በትምህርት አመራር የካበተ ልምድ ያላቸው፣ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የሥራ ጉብኝት ያደረጉ" ብሎ አስቀመጠው። ሳነበው ራሴን ላገኘው ጓጓሁ። ችግሩ ግን ከግሩፑ ሰዎች ግማሾቹ በዚያው ጆንያ መሐል አብረውኝ ተኝተው የመጡ ናቸው። አንዱ "እኔም በዚያ የሥራ ጉብኝት ላይ ነበርኩ፤ አስነጥሶህ ልታስይዘን ነበር" ብሎ ጻፈ።

ዓላማዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ባኪዋ ናት። ሁለተኛው፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ሊያልቅ የቀረበን ሰው ከወር በፊት የሚያስታውስ መዝገብ ነው። ሦስተኛው፣ ማንኛውም ስብሰባ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ የሚል ነበር። በሦስተኛው ኮርቼ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ግን ሰው ሳምንቱን ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ "ዳቦ ስንት ነው" ሲባል ሰንብቶ፣ ስብሰባ የሚመጣው በቋንቋው እንደ ልቡ ሊናገር ነው። እኔ ያንን ልወስድበት ነበር።

ምክር የሰጡኝ ሰው አከራዬ ማማ ዛኔሌ ናቸው። ማማ ዛኔሌ በሰፈራቸው ምርጫ ሁሉ ደክመው የማያውቁ፣ የየፓርቲውን ቲሸርት በየቀለሙ ያጠራቀሙ ሴት ናቸው። መወዳደሬን ሲሰሙ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

"ቲሸርት አሠርተሃል?"

"የለም፣ ማማ። ዓላማ ነው ያለኝ።"

"ሃይቦ!" አሉ፤ ሲገርማቸው የሚሉት ነው። "ማይ ፍሬንድ፣ ዓላማ ይለበሳል እንዴ? ሰው ፊትህን ማየት አለበት።"

ፊቴን! በኮሮና ጊዜ የማን ፊት ይታያል? ሁሉም በማስክ ተሸፍኗል። እንዲያውም በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁሜ፣ ስለ ጋሼ ደሳለኝ ድካምና ዕድሜ ግማሽ ሰዓት አስረድቻት፣ ስጨርስ ማስኳን ዝቅ አድርጋ "እነግራቸዋለሁ" አለችኝ። ሚስታቸው ነበሩ። "አንቺ" ስላቸው መቆየቴ ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ። እናም የማማ ዛኔሌ ምክር በራሴ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ሌላ መልክ ያዘ፤ ቲሸርት ይቅርና ለምን ፊቴ የታተመበት ማስክ አላድልም?

ታውን ውስጥ ጨርቅ ላይ የሚያትም የሀገር ልጅ አለ። ፎቶዬን ላክሁለት። እኔ ያሰብኩት ጥግ ላይ ትንሽ ምስል ነበር። እሱ ማስኩን ሙሉውን ፊቴን አደረገው፤ ግንባሬ ከሰው ዓይን ሥር ይጀምርና አገጬ በሰው አገጭ ላይ ያልቃል። ሰው ሲናገር ጉንጬ ይኮማተራል፤ ሲያዛጋ ዓይኖቼ ይራራቃሉ። አስቴር መጀመሪያ ስታደርገው ከሳቋ የተነሣ ተቀመጠች። እኔ ግን ማስኩ ወፍራም ነው፣ ይታጠባል፣ ነፃ ነው ብዬ ለሁሉም አደልኩ። ሰው ደግሞ ነፃ ነገር አይንቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቴምቢሳ ውስጥ በየብረት ፍርግርጉ ጀርባ የቆምኩት እኔ ነኝ። ደንበኞች ግራ ገባቸው። አንድ ሽማግሌ እኔ ሱቅ መጥተው፣ "አሁን እዚያ ማዶ ስኳር የሸጥክልኝ አንተ አይደለህም?" ብለው ተጨቃጨቁኝ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ እንሂድ። ዕጩ የሚባል ሰው ቃል ይገባል፣ ይመረጣል፣ ከዚያ ቃሉን ይረሳል። በመላው ዓለም የታወቀ አሠራር ነው። እኔ ግን የወርቅነሽ መደርደሪያ እንቅልፍ ስለነሳኝ ምርጫውን መጠበቅ አቃተኝና ባኪዋን ጀመርኳት። በየሐሙሱ የሁሉንም ወረቀት ሰብስቤ፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃዴን መስታወት ላይ ለጥፌ፣ ታውን ወርጄ ጭኜ እመጣለሁ።

የመጀመሪያው ሐሙስ አደጋ ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ሁሉንም በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ ብዬ ወረቀቶቹን መኪናው ላይ ረሳኋቸው። ለጋሼ ደሳለኝ የሕፃን ዳይፐር አራገፍኩላቸው፤ ለወርቅነሽ አሥር ጆንያ የበቆሎ ዱቄት። ታምራት ያዘዘው የመጸዳጃ ወረቀት እስካሁን የት እንደደረሰ አይታወቅም። በሁለተኛው ሐሙስ አስቴር በየካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ስም ጻፈች። በሦስተኛው ነገሩ ተስተካከለ። በአራተኛው ፍተሻ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ለመዱኝና "ሐሙስ መጣ" ማለት ጀመሩ። ወርቅነሽ ዘይትና ስኳር፣ ከዚያ ዱቄት፣ ከዚያ የሕፃናት ብስኩት ደረደረች። ሰው ሁሉ መረቀኝ። እኔም ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ከዚህ በኋላ ማን ያሸንፈኛል?

የማጣሪያው ቀን ደረሰ። ገደቡ ላላ ብሎ በመጠኑ መሰብሰብ ተፈቅዶ ነበር፤ እሑድ ለአምልኮ ስለሆነ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ወንበር ተራርቆ ተደረደረ። በር ላይ ታምራት እጅ ላይ ሳኒታይዘር እየረጨ "የዓላማ ሰው ምረጡ" ይላል። ከፊት ተቀምጬ ዞር ብዬ አየሁ። ጌታዬ! ግቢው ሙሉ በሙሉ እኔ ነኝ። ከቀኝ እኔ፣ ከግራ እኔ፣ ከዛፉ ሥር እኔ። ጋሼ ደሳለኝ ራሳቸው የእኔን ፊት አድርገው ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አዘንኩላቸው። የማጽናኛ ንግግር እንኳ በልቤ አዘጋጀሁ።

ጳውሎስ ተነሣ። "ለጋሼ ደሳለኝ ድምፅ የምትሰጡ እጃችሁን አንሡ።"

ፊቴ እጁን አነሣ። ከጎኑም ያለው ፊቴ አነሣ። ከዛፉ ሥር ያለሁት እኔ፣ በሩ አጠገብ የቆምኩት እኔ፣ ሁላችንም እጃችንን ለጋሼ ደሳለኝ አነሣን። ሦስተኛ ረድፍ ላይ አንዷ እኔ እጇን ቀስ አድርጋ፣ እንደ አፈረ ሰው አነሣች። ቀሚሷን አውቀዋለሁ። አስቴር ናት።

ለእኔ ሦስት እጅ ተነሣ፤ የእኔ፣ የታምራት፣ እና የአንድ ሰውዬ። ሰውዬው በኋላ ውሃ ሊጠይቅ እንደነበር አስረዳ። ጳውሎስ ግን ተጽፏል ብሎ አልሰረዘውም። ኩም አልኩ። ያዘጋጀሁትን የማጽናኛ ንግግር የሚያደርግልኝ ሰው ፈለግኩ።

ወደ ቤት የተመለስነው በባኪዋ ነው።

"ለማን ነው እጅሽን ያነሣሽው?" አልኳት መንገድ ላይ፣ እንዳላየ ሰው።

"ለጋሼ ደሳለኝ።"

"ምነው፣ አስቴር! እኔ ባልሽ እያለሁ?"

"ነገ ሐሙስ ነው" አለችኝና ማስኳን አውልቃ፣ ከት ብላ ሳቀች። ምንም አልገባኝም። አዝኜ ነበርና ሊገባኝም አልፈለግኩም።

ሐሙስ ጠዋት ባኪዋን አላስነሣሁም። የሰው ውለታ እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ ዱቄቱን ተሸክሞ ይምጣ ብዬ ሱቄ ውስጥ ተቀመጥኩ። ወርቅነሽ ትዝ ብላኝ ነበር፤ ግን ኩራቴ ከሁሉም በልጦ ነበር፣ አልዋሽም። ሁለት ሰዓት ሳይሆን ጋሼ ደሳለኝ እያነከሱ መጡ። በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል።

"ዛሬ አትሄድም እንዴ?"

"ጋሼ፣ የተመረጡት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይሂዱ" አልኳቸው። ለትልቅ ሰው እንዲህ መመለሴ አሁንም ያሳፍረኛል።

አልተቆጡም። ካርቶን ስበው ተቀመጡና ጉልበታቸውን አሹ። "አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ሰሞኑን ልወጣ ነበር። ባኪዋን ከጀመርክ በኋላ ለጳውሎስ 'ስሜን ሰርዘው' አልኩት። ሰው ነው ቤቴ ድረስ መጥቶ የለመነኝ። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፤ 'እሱን ከመረጥነው ስብሰባ ለስብሰባ ይዞራል፤ ዛንድስፕሩት ሽምግልና ይጠራል፤ ታዲያ ዕቃችንን ማን ያመጣል?' እኔ ወንበር ላይ መቀመጥ እችላለሁ። አሁንም ተቀምጫለሁ፣ ታያለህ። አንተን ግን የሚተካ አላገኙም።"

"ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩኝም?"

"ሰውን ፊት ለፊት 'አንመርጥህም' ማለት ነውር አይደለም እንዴ? ጎንበስ ብለው ማስክህን አደረጉልህ፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርጉልህ?" ወረቀታቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩ። "ደግሞ ዋናው ምርጫ ላይ ይህንኑ ሐሳብ ነው ይዤ የምሄደው። አይቮሪ ፓርክም አንድ መኪና፣ ዛንድስፕሩትም አንድ መኪና። የአንተ ሐሳብ መሆኑን እናገራለሁ። ስብሰባውን ግን በአንድ ሰዓት አልጨርስም።"

አስቴር ከጓዳ የሁሉንም ወረቀት ሰብስባ ይዛ ወጣች። ለካ ማለዳ ሁሉም በጓሮ በኩል አድርሰውላት ነበር። ቁልፉን አነሣሁ።

የዚያን ቀን የታውን መንገድ አጠረችብኝ። ተሸንፌ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ግን ደስ አለኝ፣ ምን ልሁን! ከሰዓት በኋላ ወርቅነሽ ጋ ስደርስ ሱቋ ክፍት ነው፤ ደጅ ላይ አምስት ሰዎች ተራርቀው ተሰልፈዋል። እኔ ካርቶን ሳወርድ እሷ ፍርግርጉን ሳትለቅ ዳቦ ታቀብላለች።

"ወንድሜ፣ ትናንት ለአንተ እጄን አላነሣሁም" አለችኝ፣ ደንበኛዋን እያስተናገደች። "ከሰው ከምትሰማ እኔ ልንገርህ ብዬ ነው።"

"ሰምቻለሁ፣ እህቴ።"

"ተቀየምከኝ?"

"ጠዋት ተቀይሜ ነበር።"

ሳቀች። ከቢላው ቀን ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከባንኮኒው ሥር የሚቀጥለውን ሐሙስ ወረቀት አውጥታ በፍርግርጉ ቀዳዳ አቀበለችኝ። ዘይት፣ ሻማ፣ ዱቄት፣ ሳሙና ይላል። ከሥር ደግሞ በሌላ እስክሪብቶ "ሁለት ባልዲ ሰማያዊ ቀለም" የሚል ተጨምሯል።

"ቀለም መሸጥ ጀመርሽ?"

"የሚሸጥ አይደለም፤ ለሱቁ ነው" አለች። "ግድግዳው ቆሽሿል። እዚሁ ልቆይ ከሆነ ላስቀባው ብዬ ነው።"

ሰማያዊው ደማቁ ይሁን ፈዛዛው በደንብ አድርጌ ጠየቅኳት። ደማቁን አለችኝ፤ እኔም ባኪዋ ጎን ላይ ተደግፌ፣ እንዳልረሳው፣ በወረቀቱ ላይ ጻፍኩት።